በቡና አገር ኮንትራክተር መሆን

አጋሮ ከጅማ ወደ በደሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የጎማ ወረዳ ከተማ ናት። ዙሪያዋን በጥላ ዛፍ ሥር የሚበቅል ቡና ከብቧታል። ገንዘቧ የሚመጣው በቡና በኩል ስለሆነ ግንባታዋም የቡናን ወቅት ይከተላል። ቀይ እሸት ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ይለቀማል፤ ሽያጩ አልቆ ብሩ እጅ ሲገባ በየደጁ ድንጋይና አሸዋ ይራገፋል። የጭቃው ቤት በብሎኬት ይተካል፤ ነጋዴውም ዓምና ኮለን ላይ ያቆመውን ፎቅ ይቀጥላል።

ይህን ሥራ ለረጅም ጊዜ ሲይዙ የኖሩት በልምድ የበሰሉ ግንበኞችና አናጢዎች ናቸው። አሁን ግን ከአንድ ክፍል የተመረቁ ሦስት አራት ሲቪል መሐንዲሶች ያላቸውን አዋጥተው፣ ፈቃድ አውጥተውና «ሕንጻ ሥራ ተቋራጭ» የሚል ማኅተም አስቀርጸው ወደ ገበያው መግባታቸው በጅማና በዙሪያዋ ከተሞች እየተለመደ ነው። እንዲህ ያለ ድርጅት እንዴት ይወለዳል? በምን ይቆማል? የሚወድቀውስ ለምንድን ነው?

የግል ሥራ ተቋራጭነት በአገራችን ብዙ ውጣ ውረድ አይቷል። ለሙያው መሐንዲስ ያፈሩት የአዲስ አበባው የምህንድስና ኮሌጅና የኢትዮ-ስዊድን የሕንጻ ቴክኖሎጂ ተቋም የተከፈቱት በ1940ዎቹ ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ የግል ኮንትራክተሩ ዋና ደንበኛ፣ ማለትም ቤት ሠርቶ የሚያከራየው ሰው፣ ከገበያው ወጣ። ትልልቁን ግንባታም የመንግሥት ድርጅቶች ያዙት። ስለዚህ በዚያ ዘመን የተመረቀ መሐንዲስ ዕጣው በአብዛኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። በሩ መልሶ የተከፈተው ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ ወዲህ ነው። በኢንጂነር ፀደቀ ይሁኔ የተመሠረተው ፍሊንትስቶን ኢንጂነሪንግ በዚያ ለውጥ ዘመን ብቅ ካሉት ስመ ጥር ድርጅቶች አንዱ ነው።

ለዛሬዎቹ ወጣቶች ቅርብ የሆነው ምዕራፍ ግን ኮንዶሚኒየም ነው። በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ከጀርመኑ የልማት ትብብር ድርጅት ጂቲዜድና ከኤም.ኤች. ኢንጂነሪንግ ጋር ርካሽ ቤት የመሥራት ዘዴን ገርጂ ላይ ሞከረ። ከዚያ የተነሣው የቤቶች ልማት መርሐ ግብር ወደ ክልል ከተሞችም ወረደ። የመጀመሪያው ዕቅድ 400,000 ቤት መሥራት፣ 200,000 የሥራ ዕድል መፍጠርና 10,000 ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማትን ማሳደግ ነበር። የቤቱ ቁጥር ከዕቅዱ በብዙ አነሰ። ለጉዳያችን ግን ከቁጥሩ ይልቅ አሠራሩ ይበልጣል። ሲሚንቶውንና ፌሮውን የፕሮጀክት ጽሕፈት ቤቱ በጅምላ እየገዛ ያቀርብ ነበር። ብሎኬቱንና የወለል ቢሙን የሚያመርቱት፣ በርና መስኮቱን የሚገጥሙት የተደራጁ ማኅበራት ነበሩ። ስለዚህ ዕቃ የሚገዛበት ካፒታል የሌለው ነገር ግን ዕውቀትና ሠራተኛ ያለው መሐንዲስ አንድ ብሎክ ተረክቦ መሥራት ቻለ። መጋዘንና ክሬን ሳይኖረው ውል የፈረመ፣ ሠራተኛ ያስተዳደረ፣ ክፍያ የጠየቀ ትውልድ እዚያ ተፈጠረ። እኔ የኮንዶሚኒየምን ነገር ባሰብኩ ቁጥር ከቤቶቹ እኩል የማከብረው ይህን ትምህርት ነው።

በጅማ በኩል መሐንዲሱን ያቀረበው ዩኒቨርሲቲው ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ተቋሙ ተዋሕደው የቆመ ነው። ሲቪል ምህንድስና ዛሬ የሚሰጠው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ በሚገኘው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት ከመቶ ተማሪ 70ው በሳይንስና በቴክኖሎጂ እንዲማር ሲወስን በአገሪቱ ሁሉ የምህንድስና ተመራቂ በዛ። የመንግሥት ቢሮዎች ያን ሁሉ ሊቀጥሩ አልቻሉም። ስለዚህ ብዙው ወጣት ድርጅት የከፈተው አስቀድሞ ነጋዴ ለመሆን አልሞ ሳይሆን ቅጥር ስላጣ ነው። በዚህ የሚያፍርበት ምክንያት የለም፤ አገራችን ውስጥ ብዙ ጥሩ ነገር የተጀመረው በእንዲህ ያለ ግዳጅ ነው።

ፈቃዱ በደረጃ ነው። ጠቅላላ ሥራ ተቋራጭ፣ ሕንጻ ሥራ ተቋራጭና መንገድ ሥራ ተቋራጭ ለየብቻ ይመዘገባሉ፤ ደረጃውም ከ10 ጀምሮ እስከ 1 ይወጣል። ወደ ላይ ለመውጣት የተመዘገበ ባለሙያ፣ መሣሪያና የሠሩት ሥራ ማስረጃ ይጠየቃል። ጀማሪው የሚገባው ከታች ነው፤ የሚወዳደረውም ለደረጃው በተፈቀደ የገንዘብ መጠን ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንድ ክፉ ልማድ አለ፦ የባለሙያ ወረቀት መከራየት። ሥራው ላይ አንድ ቀን የማይቆም መሐንዲስ ስሙን ለድርጅት ያውሳል፤ ግንባታው ሲሰነጠቅ ግን የሚጠየቅ አይገኝም። የወጣቶቹ ትልቁ ጥቅም ራሳቸው መሐንዲስ ሆነው ሳይት ላይ ስለሚውሉ ይህን ወረቀት መከራየት የማያስፈልጋቸው መሆኑ ነው።

ከፈቃዱ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ብዙም የማያስተምረው ነገር ይመጣል፦ የገንዘብ ጊዜ። አንድ ድርጅት በ10 ሚሊዮን ብር የትምህርት ቤት ብሎክ ግንባታ ጨረታ አሸነፈ እንበል። ከመፈረሙ በፊት የውል ማስከበሪያ 10 በመቶ፣ ማለትም የ1 ሚሊዮን ብር ዋስትና ማስያዝ አለበት። ቅድመ ክፍያ እስከ 30 በመቶ ይፈቀዳል፤ እሱንም ለማግኘት ሌላ ዋስትና ይጠየቃል፤ የተሰጠው ብርም ከየክፍያው እየተቀነሰ ይመለሳል። ከየክፍያው ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ለመያዣ ይቀራል፤ የሚለቀቀውም ከርክክብ በኋላ፣ የጉድለት ማረሚያው ጊዜ ሲያልቅ ነው። በመካከሉ አማካሪው መሐንዲስ የተሠራውን ይለካል፣ የክፍያ ሰርተፊኬት ይፈርማል፣ ከዚያ ወረቀቱ ወደ ፋይናንስ ቢሮ ይሄዳል። የቀን ሠራተኛው፣ ግንበኛውና ፌራዮው ግን ብራቸውን የሚፈልጉት ቅዳሜ ነው። በጨረታ አሸናፊ፣ በወረቀት አትራፊ የሆነ ድርጅት በዚህ ክፍተት ውስጥ ሠራተኛውን መክፈል አቅቶት ይዘጋል። ብዙ ጀማሪዎችን የሚጥላቸው ይህ ነው፤ የስሌት ስሕተት የሚጥላቸው ጥቂቶች ናቸው።

ለዋስትናውም ባንክ መያዣ ይጠይቃል። ወጣቱ ቤት የለውም፤ የወላጆቹን የከተማ ቤት ካርታ ይዞ ይቀርባል። በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁት ግን ካደራጃቸው መንግሥታዊ አካል በሚጻፍ የዋስትና ደብዳቤ የጨረታና የውል ማስከበሪያውን መተካት ይችላሉ። በእኔ አስተያየት ይህች ደብዳቤ ከየትኛውም የብድር ፈንድ በላይ ብዙ ድርጅት አቁማለች። የሳምንቱ ደመወዝ ሲጎድልም እቁብ ይመጣል፤ ተራው የደረሰ ባልደረባ ለድርጅቱ ያበድራል።

ወደ ሳይቱ እንሂድ። መሐንዲስነት ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ነው፤ የአጋሮና የጅማ መሬትም የራሱ ጠባይ አለው። ኮረብታው ላይ ያለው ቀይ አፈር ሕንጻ ይሸከማል። ረግረጉ ዳር ያለው ጥቁር አፈር ግን በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ከሥሩ ሳይቆፈርና በተመረጠ አፈር ሳይተካ ቤት ያቆመ ሰው ከሁለት ክረምት በኋላ ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ይቆጥራል። አሸዋም በአቅራቢያ የለም። ለጅማ አካባቢ የሚመጣው ከጨዋቃ፣ ከጋምቤላና ከወራቤ አቅጣጫ በመኪና ተጭኖ ነው። የማጓጓዣው ዋጋ ከፍ ስለሚል አፈር የበዛበት ርካሽ አሸዋ መግዛት ይፈትናል። ጠንቃቃ መሐንዲስ በውኃ ጠርሙስ ውስጥ አሸዋና ውኃ ጨምሮ ይንጣል፤ ሲረጋ ከላይ የሚቀመጠውን ደለል ይለካል። ከ6 በመቶ ካለፈ ያጥበዋል ወይም መኪናውን ይመልሳል። ጭነት መመለስ ደፋር ልብ ይጠይቃል፤ የመኪናው ባለቤት ምናልባት የአጎት ልጅ ነው።

ኮንክሪቱ ሲቦካ 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር በሣጥን ይለካል። ፈተናው ውኃው ላይ ነው፤ ሠራተኛ ባሬላው ላይ እንዲቀለውና በቀላሉ እንዲፈስለት ውኃ ይጨምራል፤ ጥንካሬው ደግሞ በዚያው ልክ ይወርዳል። ከዚያ ውኃ ማጠጣት ይቀጥላል፤ ቢያንስ ለ7 ቀን። ጥንካሬው የሚመዘነው በ28ኛው ቀን ነው። ለዚህም ናሙና ኪዩቦች ተቀርጸው በቤተ ሙከራ ይሰበራሉ።

ቡናም ራሱ የምህንድስና ጥያቄ ይዞ ይመጣል። በአካባቢው ያሉ የቡና ማኅበራት ባለፉት ዓመታት ማጠቢያ ጣቢያ ሠርተዋል። በአጋሮ ዙሪያ ያለው የዱሮሚና ማኅበር ቡና እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ የጣዕም ውድድር አንደኛ ሲወጣ የታጠበ ቡና ዋጋ ለብዙ ገበሬ ግልጽ ሆነ። ማጠቢያ ጣቢያ ማለት መረከቢያ፣ መፈልፈያ ማሽን፣ የማብላያ ገንዳ፣ የማጠቢያ ቦይና የማድረቂያ አልጋ ነው። የቡና ልጣጭ ውኃ ኃይለኛ አሲድ አለው፤ የአሲድ መለኪያው ወደ 4 ይወርዳል፤ ሲሚንቶን ቀስ እያለ ይበላል። ስለዚህ የገንዳው ኮንክሪት ጥቅጥቅ ያለ፣ ልስኑም ውኃ የማያስገባ መሆን አለበት። ቆሻሻ ውኃው ደግሞ ወደ ወንዝ እንዳይገባ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለውን ሥራ ከአዲስ አበባ ከሚመጣ ድርጅት ይልቅ በቡና ቤተሰብ ያደገ መሐንዲስ ቶሎ ይረዳዋል።

የወቅቱ ነገር ግን ሁለት ጠርዝ አለው። ክረምቱ ሲወጣና መሬቱ ሲደርቅ ሕንጻ ሠሪው መሠረት ለማፍሰስ የሚቸኩልበት ጊዜ ነው። ያው ወቅት ደግሞ ቀይ ቡና የሚለቀምበት ነው፤ ለቀማ የሚከፈለው በኪሎ ስለሆነ ጠንካራ ሠራተኛ ከሳይት ይልቅ ወደ ጫካ ይሄዳል። የሚያስቡ ድርጅቶች ይህን ቀድመው ያቅዳሉ፦ ቁፋሮና የድንጋይ ሥራውን ለቀማው ሳይጀመር ይጨርሳሉ፣ ሶሌታውን ወደ ጥር ይገፋሉ፣ በጥቅምትና በኅዳር ጥቂት ግንበኞች ይዘው የውስጥ ሥራ ይሠራሉ። ከሌላ አካባቢ የተዘጋጀ የሥራ መርሐ ግብር እዚህ አይሠራም።

ዋጋውስ? ሲሚንቶ ከሸዋ ፋብሪካዎች ረጅም መንገድ ተጉዞ ይደርሳል፤ እጥረት በነበረባቸው ዓመታት ሳይቱ ቆሞ የሚከርምበት ጊዜ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ በሚገቡት በፌሮና በማጠናቀቂያ ዕቃዎች ላይ ጫናው ወዲያው መጣ። በቀድሞው ዋጋ ፈርሞ በአዲሱ ዋጋ የሚገዛ ትንሽ ድርጅት ኪሳራውን ይሸከማል። ከዚህ ለመዳን ውሉ ላይ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ መኖሩን ከፊርማ በፊት ማንበብ፣ ቅድመ ክፍያው እጅ እንደገባም ፌሮውን መግዛት ያስፈልጋል።

ሕጉም ከባድ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ተቋራጩ የሠራው ሕንጻ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ጥንካሬው የእሱ ኃላፊነት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበትን ሕንጻ ባለ አንድ ወለል ቢሆን እንኳ ከሁሉ የበለጠ ቁጥጥር በሚደረግበት ምድብ ሐ መድቦታል። ስለዚህ በምሳሌነት ያነሣነው የትምህርት ቤት ብሎክ፣ ለድርጅቱ የመጀመሪያ ሥራ ቢሆንም፣ በሕግ ፊት ትልቅ ሕንጻ ነው። ልጆች የሚቀመጡበት ስለሆነ መሆንም ይገባዋል።

በመጨረሻም ሽርክናው አለ። የአንድ ክፍል ጓደኞች የሥራ ክፍፍላቸውን ሳይጽፉ ይጀምራሉ፤ አንዱ ሳይት ላይ ፀሐይ ሲመታው ሌላው ቢሮ ይቀመጣል፤ ትርፍ ሲመጣ ቅሬታ ይነሣል። ድርሻን፣ ደመወዝን፣ የመውጫ መንገድን በጽሑፍ ማሰር ወዳጅነትን ማቃለል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ጽሑፉ ግን ወዳጅነቱን ያድናል።

ለወረዳና ለከተማ ጽሕፈት ቤቶች የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ የተፈረመ የክፍያ ሰርተፊኬት ጠረጴዛ ላይ አታሳድሩ፤ የአንድ ወር መዘግየት አንድ ድርጅትን ከነሠራተኞቹ ይበትናል። ቤት ለምትሠሩ የቡና ባለቤቶችም፦ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት መሐንዲስ አማክሩ፤ የሚከፈለው ገንዘብ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ነው። ተመርቃችሁ ሥራ ለምትፈልጉት ደግሞ፦ ፈቃድ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ሙሉ በጋ በሌላ ሰው ሳይት ላይ ሠርታችሁ፣ የቅዳሜውን ደመወዝ መዝገብ ራሳችሁ ያዙ።