ሳይኮሎጂ የተማረ ምን ይሠራል?



ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ አንድ አባት መስጂዱ በር ላይ ጠብቀው አነጋገሩን። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሳይኮሎጂ ደርሷታል። «ኡስታዝ፣ እብድ ልትጠብቅ ነው እንዴ? ለዚህ ነው በሬ የሸጥኩት?» አሉን። በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ይህን የሚል ወላጅ ብዙ ነውና መልሱን ለሁላችሁም እናድርስ።

ሳይኮሎጂ ወይም ሥነ ልቦና የሰውን አስተሳሰብ፣ ስሜትና ጠባይ የሚያጠና ትምህርት ነው። ጥቅሙ በአንድ ምሳሌ ይታይ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት ኢቃም ተብሎ ሶላቱ እስኪያልቅ ውዱእ ማድረጊያው ላይ ይቀር ነበር። ክንዱን ያጥባል፤ «ውሃው አልደረሰም» ብሎ ይደግማል። ተክቢራ ብሎ ይገባል፤ ያፈርሳል፤ እንደገና ይጀምራል። በጥቅምት ውርጭ እጁ ተሰነጣጥቆ ነበር። ጥፋቱ የእኛም ነበር፤ አንደብቅም። በየቀኑ እየመጣ «ውዱኤ ትክክል ነው?» ሲለን «አዎ፣ አብሽር» እንለዋለን። ለአንድ ሰዓት ይረጋጋል፤ ከዚያ ይመለሳል።

ኋላ ላይ ደሴ ያገኘነው የሥነ ልቦና ባለሙያ ማጽናናታችን ራሱ ጥርጣሬውን እንደሚቀልበው አስረዳን። ሕክምናው ሌላ ነው። አንዴ ብቻ ይታጠባል፤ ጥርጣሬው ሳይለቀው ሶላት ይገባል። ጭንቀቱ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ሳይደግም በራሱ ይወርዳል። ይህ ሲደጋገም ልቡ ይማራል። መንገዱን እ.ኤ.አ. በ1966 ቪክተር ሜየር የተባለ የለንደን ባለሙያ በሁለት ሕመምተኞች ላይ ሞክሮ ጽፎታል። ዑለሞቻችንስ እርግጠኝነት በጥርጣሬ አይወገድም፣ ወስዋስ የያዘው ሰው ጥርጣሬውን አይከተል ሲሉ ኖረው የለም? እ.ኤ.አ. በ934 ያረፉት አቡ ዘይድ አል-በልኺም ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፉት ኪታብ ከቁጣ፣ ከፍርሃትና ከሐዘን ጋር ወስዋስን በምዕራፍ ለይተው አስፍረዋል።

ወጣቱ ዛሬ አልሐምዱሊላህ ከጀመዓው ጋር ይሰግዳል። ጨርሶ አልተወውም፤ ረመዷን ሲቃረብ ይነሳበታል። ዱዓችንንም ወዳጃችንንም አላቋረጥንም፤ ዱዓ የተደረገለት ሰው ሐኪም ዘንድ አይሂድ የሚል ዓሊም ግን አናውቅም።

ይህ እንግዲህ አንዱ ሥራ ነው። በትምህርት ቤት ልጁ የሚወድቀው ሰንፎ ይሁን፣ ሰሌዳው ስለማይታየው ወይም ቤቱ ሐዘን ስላለ የሚለይ አማካሪ ያስፈልጋል። በፍርድ ቤት የሕፃናት ችሎት ጥቃት የደረሰበት ልጅ ጥቃት አድራሹን ሳያይ፣ በሌላ ክፍል ሆኖ ቃሉን ሲሰጥ የሚያግዘው ሰው ያሻል። በ2014 ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ሲደርስ የተፈናቀለው ሕዝብ መካከል ሌሊት እየባነነ የሚጮኽ ስንት ልጅ ነበር!

ሁለት ነገር ግን ይለይ። መድኃኒት የሚያዘው ሳይካትሪስቱ ነው፤ እሱ ሐኪም ነው። ሳይኮሎጂስት በንግግርና በልምምድ ይረዳል፤ ሕመምተኛ ለማከምም ከመጀመሪያው ዲግሪ በላይ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ መማር ይኖርበታል። በወረዳችን የሥራ ቦታው ጥቂት መሆኑን ለአባትየው አልሸሸግናቸውም። ደመወዙንም ይጠይቁናል ብለን ነበር፤ እሳቸው ግን ዝም ብለው ቆይተው «ያ ልጅ ሴት ቢሆን ኖሮ ለማን ይናገር ነበር?» አሉን።

መልስ አልነበረንም። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ችግር ይዛ ራሷ እኛ ዘንድ የመጣች እህት የለችም፤ የሚነግረን ባሏ ወይም ወንድሟ ነው።