የፋብሪካ ወለልና የሠራተኛ አጥንት

በምግብ ፋብሪካ ስለ ንጽሕና ሲነሣ ሐሳባችን ወዲያው ወደ ዝንብና ወደ አይጥ ይሄዳል። ወለሉ የሚታሰበው ሰው ከወደቀ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም «ዕድሉ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እኛ ግን ምክንያቱ ከዚያው ከወለሉ ላይ ይፈለግ እንላለን።

የኑግ ዘይት መጭመቂያን እንመልከት። የሚንጠባጠበው ዘይት ከፋጉሎው ፍርፋሪ ጋር ተቀላቅሎ ሊሾውን ይሸፍነዋል። በጫማና በሊሾ መካከል እንደ ወረቀት የሳሳ ቅባት ከገባ ሶሉ ወለሉን መያዝ ይሳነዋል፤ ተረከዙ ወደ ፊት ይሸሻል፤ ሰውየውም በጀርባው ይወድቃል፤ ወይም ለመደገፍ እጁን ሲዘረጋ አንጓው ይሰበራል። ጆንያ የተሸከመማ እጁን የሚዘረጋበት ጊዜ እንኳ የለውም።

የሚያስገርመው እጥበቱ ራሱ አደጋውን ሊያብስ መቻሉ ነው። ዘይት ከውሃ ጋር አይዋሐድምና፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈስ ሰው ቅባቱን ከጥግ ወደ ጥግ ያዳርሰዋል እንጂ አያስወግደውም። አስቀድሞ ፍርፋሪው በደረቁ ይጠረግ፤ ቀጥሎ ወለሉ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይፈተግ፤ ውሃውም ወደ ቦዩ ተገፍቶ እስኪደርቅ ድረስ ማንም አይለፍበት። ሰጋቱራ መበተን ለጋራዥ ይሆን ይሆናል፤ ምግብ በሚሠራበት ቤት ግን በቆሻሻ ላይ ቆሻሻ መጨመር ነው። ከሁሉ የሚበልጠው የሚያንጠባጥበውን መኪና መጠገን ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅና የአደጋ መከላከያ የማቅረብ ግዴታን በአሠሪው ላይ ጥሏል። ስለዚህ የማያንሸራትት ቦቲ ጫማ እንደ ስጦታ አይቈጠርም። መምህራንም ተማሪዎቻቸውን ፋብሪካ ሲያስጎበኙ ከመኪናው ጋር ወለሉንና የመሰላሉን መደገፊያ ቢያሳዩአቸው መልካም ነው።

የወደቀውን ሰው ቤተ ሰቡ ወደ ወጌሻ መውሰዱ የተለመደ ነው። በቀርከሃ አጥብቆ መታሰር ግን የደሙን መንገድ ይዘጋል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቈሩ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ፤ በሽተኛውም በፍጥነት ሐኪም ቤት ይድረስ። ቢዘገይ ሥጋው ይሞትና እጁ እስከ መቈረጥ ይደርሳል። አንገቱን ወይም ወገቡን ያመመውን ሰው ጎትቶ ማስነሣት አይገባም፤ ረዳት እስኪመጣ ባለበት ይቈይ። ራሱን ተመትቶ የሚያስታውክ፣ የሚቀባዥር ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው ሰው፣ «ደኅና ነኝ» ቢልም እንኳ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።