ጠበሉና ክኒኑ

ሳል ሁሉ ብርድ አይደለም። እኔም ይህን በደንብ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ፊደል ላስተምር ሄጄ ያረፍኩት በሸዋ ደጋ፣ በአንድ ገበሬ ቤት ነበር። የቤቱን እመቤት እትዬ እላቸዋለሁ፤ ባለቤታቸውን ጋሼ። አራት ልጆች አሏቸው። ትንሹ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። የእትዬ እናትም እዚያው ይኖራሉ፤ እሳቸውን ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። እትዬን ከመስቀል ጀምሮ ያስላቸው ነበር። አገሩ ብርዳም ነው፤ ቤቱም ጢስ አያጣውም፤ ስለዚህ ማንም ልብ አላለውም። «ብርድ ነው» ተባለ፤ ዝንጅብል በማር ጠጡ። «ምች ነው» ተባለ፤ ዳማከሴ ታሽቶ ተጠጣ። ጋሼ ገበያ ወርደው ከአንድ መድኃኒት ቤት የሳል ሽሮፕ ገዙ። ሽሮፑ አለቀ፤ ሳሉ ግን ጥቅምትን ተሻግሮ ኅዳር ገባ።

ከዚያ ሌላ ምልክት ተጨመረ። ማታ ማታ ያተኩሳቸዋል። ሌሊት፣ በዚያ ብርድ፣ ላብ ልብሳቸውን ያርሰዋል። እንጀራ አስጠላቸው። ቀሚሳቸው ሰፋባቸው። ታኅሣሥ ላይ በአክታቸው ውስጥ ደም አዩ። ደሙን ለማንም አልተናገሩም፤ አመድ ውስጥ ቀበሩት። ያየችው ትልቋ ልጃቸው ናት። ያን ሰሞን ትምህርቷን ትታ ሊጡንም ወጡንም እሷ ይዛው ነበር። እኔ ዘንድ መጥታ፣ «አስተማሪ፣ እማዬ ልትሞትብን ነው እንዴ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሁሉ ያን ጊዜ አንድ ቃል አላቀበለኝም።

ማታ ቤቱ ተማከረ። ጋሼ «ጤና ጣቢያ እንውሰዳት» አሉ። ጤና ጣቢያው በእግር ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። እማማ ግን «ጠበል ትግባ» አሉ። ቀጥለውም «ጠበል የገባ ሰው መድኃኒት ከቀመሰ ጠበሉ ይርቀዋል» አሉ። ይህን የሚያምን ሰው ብዙ ነው። እትዬም የእናታቸውን ቃል መረጡ። ሱባዔ ሊገቡ ወደ ማርያም ጠበል ሄዱ።

በአሥረኛው ቀን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሰው ገና ሳይነጋ በብርዱ ይጠመቃል። ማታ ደግሞ በአንዲት ጠባብ ጎጆ ሃያ ሰው ያህል ተጠጋግቶ ይተኛል፤ ብርድ እንዳይገባ በሩም ይዘጋል። የእትዬ ሳል ብሶ ነበር። ልባቸው ግን በርትቶ አገኘሁት። እውነቱን ልናገር፤ ቤት ውስጥ ሲያለቅሱ የነበሩት ሴት እዚያ ሌላውን ሕመምተኛ ሲያጽናኑ አየሁ። ስለዚህ ጠበሉን የሚያንቋሽሽ ሰው ሲናገር ብሰማ አልወድም። ሥጋው ለደከመ ሰው ተስፋ እኮ ትልቅ ነገር ነው።

መላ ያገኙት የንስሐ አባታቸው ናቸው። እሳቸውም ሊጠይቁ መጥተው ነበር። ትልቋ ልጅ ስለ ደሙ በጆሯቸው ነገረቻቸው። አባ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ ነገ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ጠበሉን በኮዳ ይዘሽ ሂጂ። የሚሰጡሽን መድኃኒት በጠበሉ ዋጪው። ጠበሉን የባረከ አምላክ ለሐኪሙም ጥበብ የሰጠው እሱ ነው» አሏቸው። እማማ አጉረመረሙ። አባ ግን ቃላቸውን አልመለሱም።

አባ ይህን ከራሳቸው አላመጡትም። በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ፣ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረው ነበር። ለኤች አይ ቪ የተባለው ለሳንባ በሽታስ ለምን አይሆንም?

ጤና ጣቢያው የእትዬን አክታ ሁለት ጊዜ ተቀብሎ መረመረ። በሽታው የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። ቲቢም ይባላል። «ነቀርሳ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ጋሼ ክው አሉ። በእኛ አገር ካንሰርም ነቀርሳ ይባላልና። ሁለቱ ግን አይገናኙም። ቲቢ ጀርም የሚያመጣው በሽታ ነው፤ መድኃኒትም አለው።

ጀርሙ በዓይን አይታይም። መጀመሪያ ያገኘው ሮበርት ኮህ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1882 ነበር። ከዚያ በፊት በዘር ይወርዳል የሚሉ ብዙ ነበሩ። እንዲህ ቢሉ አይፈረድባቸውም፤ አንድ ቤት ውስጥ እናት ትታመማለች፣ ቀጥሎ ልጅ፣ ቀጥሎ ሌላው። ነገሩ ግን ዘር አይደለም፤ አየሩ ነው። የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲዘፍንም ጭምር ጀርሙ ከትንፋሹ ጋር ይወጣል። በተዘጋ ቤት ውስጥ አየር ላይ ተንሳፎ ለሰዓታት ይቆያል። ሌላው ሰው ይተነፍሰዋል። ንፋስ የሚገባበት ቤት ከሆነ ጀርሙ ይበተናል፤ የፀሐይ ብርሃንም ይገድለዋል። እንግዲህ ያቺን የተዘጋች የጠበል ጎጆ አስቧት። ጥፋቱ የጠበሉ አይደለም፤ የበሩ ነው።

ጀርሙ የገባበት ሁሉ አይታመምም። ከመቶ ሰው ከ5 እስከ 10 ቢታመም ነው። በሌላው ሰው ውስጥ ጀርሙ ተኝቶ ይቀራል። የሰውየው አቅም ሲደክም፣ ምግብ ሲያጣ፣ ስኳር በሽታ ወይም ኤች አይ ቪ ሲይዘው ሊነቃ ይችላል። ለዚህ ነው ቲቢ የተገኘበት ሰው ሁሉ ኤች አይ ቪም እንዲመረመር የሚጠየቀው።

መድኃኒቱን ጤና ጣቢያው በነፃ ሰጠ። ጋሼ በግ ሸጠው ገንዘብ ቋጥረው ስለ ነበር ይህን ሲሰሙ ማመን አቃታቸው። ሕክምናው 6 ወር ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት 4 ዓይነት መድኃኒት በአንድ ክኒን ተደርጎ ይሰጣል። በቀሩት 4 ወራት 2 ዓይነት ይሆናል። የክኒኑ ቁጥር በሰውየው ክብደት ይወሰናል። እትዬ ሲመዘኑ 41 ኪሎ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በጠበላቸው አማትበው ይውጡታል።

በሦስተኛው ቀን ጉድ ተፈጠረ። እትዬ ከጓሮ እየጮሁ ገቡ። «ደም ሸናሁ! እናቴ እውነቷን ነው፣ መድኃኒቱ ሊገድለኝ ነው!» አሉ። እማማም «አላልኳችሁም?» አሉ። እኔም ደነገጥኩ። ጋሼ በሌሊት ተነሥተው ጤና ጣቢያ ደረሱ። ነገሩ ደም አልነበረም። ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ሽንትን ቀይ ብርቱካንማ ያደርገዋል፤ ጉዳት የለውም። ይህን አስቀድሞ የነገራቸው ሰው አልነበረም። አንድ ቃል ቢነገር ኖሮ የስድስት ሰዓት መንገድ ይቀር ነበር። የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ትውከት ካላቋረጠ፣ የዓይን ብርሃን ከደከመ ወይም ጆሮ መስማት ከተሳነው በቶሎ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል።

ቀጥሎ ሁዳዴ ገባ። እትዬ እንደ ልማዳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሊጾሙ፣ ክኒኑንም ወደ ማታ ሊያዛውሩ አሰቡ። አባ እንደገና ተጠሩ። «ሕመምተኛ ጾም የለበትም። ጠዋት ዋጪ። ወተትም ጠጪ፣ እንቁላልም ብዪ። ስትድኚ ትጾሚያለሽ» አሉ። እትዬ ወተቱን እያለቀሱ ጠጡት። በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድም እንዲሁ ነው፤ በረመዳን የታመመ ሰው ሲድን ቀዳ እንዲያወጣ ተፈቅዶለታል።

ከሁሉ የከፋው ፈተና ግን የመጣው ሲሻላቸው ነው። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ሳሉ ጠፋ። ላቡ ቆመ። እትዬ ወፍጮ ቤት እህል ተሸክመው ሄዱ። አንድ ቀን ጠዋት የክኒኑ ዕቃ ሳይከፈት አየሁና ጠየቅኳቸው። «ድኛለሁ እኮ! ማርያም አድናኛለች። ከዳንኩ በኋላ ብውጥ እሷን አለማመን አይሆንብኝም?» አሉኝ። ክፋት የለበትም፤ ከልብ የመጣ ጥያቄ ነው።

የመለሱላቸው ጋሼ ናቸው። «ሰርዶ ስንነቅል ታውቂያለሽ» አሉ። «ላይ ላዩን ያጨድነው እንደ ሆነ ማሳው ለሳምንት ንጹሕ ይመስላል። ሥሩ ቀርቶ ከሆነስ?» እኔ ይህን ያህል አሳምሬ አልናገረውም ነበር። በሳንባ ውስጥ እንደዚሁ ነው። ብዙው ጀርም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሞታል፤ ሰውየውም ይሻለዋል። ጥቂቶቹ ግን አንቀላፍተው ይቀራሉ፤ መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ነው የሚያገኛቸው። ክኒኑ ከተቋረጠ እነሱ ይነሣሉ። ከዚህም የባሰ አለ፤ መድኃኒቱን የተላመደ ጀርም ይበቅላል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ለማዳን ይከብዳል፤ ለጎረቤትም የሚተላለፈው ያው የተላመደው ነው። አራት ዓይነት መድኃኒት ባንድ ላይ የሚሰጠውም አንዱን ያመለጠ ጀርም በሌላው እንዲያዝ ነው።

እትዬ ጥቂት አሰቡና ዕቃውን ከፈቱ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀንም አላቋረጡም። የሕክምና ካርዱ ላይ ለየቀኑ አንዲት ሣጥን አለች። እሳቸው ማታ ማታ የኔ ተማሪ ነበሩ፤ ቁጥር የለዩትም በዚያ ካርድ ነው። ከ«1» ጀምረው እስከ «30» በጣታቸው እየነኩ ይቆጥራሉ። «ይቺ የዛሬ ናት» ይላሉ።

ልጆቹም ተመረመሩ። በሽታው የተገኘበት አልነበረም። ሆኖም ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከሕመምተኛ ጋር ከኖረ መከላከያ መድኃኒት ይሰጠዋልና ትንሹ ልጅ ተሰጠው። ሲወለድ ክንዱ ላይ የቲቢ ክትባት ተወግቶ ነበር፤ ክትባቱ ሕፃናትን ከከባዱ ዓይነት ይጠብቃል እንጂ በሽታውን ጨርሶ አያግድም። ጋሼ ግድግዳውን ሰብረው መስኮት አወጡ። እማማ ለብርዱ ተቆጡ። ፀሐይ ሲገባበት ግን እዚያው ሥር ቁጭ ብለው መፍተል ጀመሩ።

ጎረቤቱን ማስታረቅ ነበር የከበደን። እትዬ ለብቻቸው ስኒ ተለይቶላቸው ነበር። በኋላም ቡና የሚጠራቸው ጠፋ። ቲቢ ግን በስኒ አይተላለፍም፤ በመጨባበጥም፣ በልብስም አይተላለፍም። መድኃኒቱ ከሠራ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ አብዛኛው ሰው የማስተላለፍ አቅሙ እጅግ ይቀንሳል። ይህን በማስተማሪያው ዳስ ብናገርም ማን ሰማኝ! አንድ እሑድ አባ መጡ፣ እትዬ በጠጡበት ስኒ ቡና ቅዱልኝ አሉ፣ ሰው ሁሉ እያየ ጠጡ። በሳምንቱ እትዬ ቡና ተጠሩ።

ቲቢ ቀላል በሽታ አይደለም። መድኃኒት ካልወሰዱ ሕሙማን ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ። በትክክል ከወሰዱት ግን ከአሥሩ ስምንት ዘጠኙ ይድናሉ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ለአክታ ምርመራ ይሂድ። ጠበል ቦታም ከሆነ አፉን በነጠላው ይሸፍን፤ የጎጆውም በር ይከፈት።

ሐምሌ ላይ አክታቸው እንደገና ተመረመረ። ጀርም አልተገኘበትም። ሲመዘኑ 49 ኪሎ ሆነዋል። እማማ ልጃቸው የተመዘነችበትን ወረቀት ተቀብለው ገልብጠው አዩት፤ አያነቡም፣ ግን ሳሙት። የእማማ ሐሳብ በሙሉ ተለውጧል ለማለት አልደፍርም። «ማርያም ናት» ይላሉ እስከ ዛሬ። እትዬም «አዎ ናት» ይላሉ፤ ክኒኑን ግን የዋጡት እሳቸው ናቸው።

ለማርያም ጃንጥላ ተስለው ነበር። በፍልሰታ ሊያስገቡ ሲሄዱ ሁለት ድፎ ዳቦ አስጋገሩ። አንዱ ለቤተ ክርስቲያኑ ነው። ሁለተኛውን ትልቋ ልጅ በአገልግል ተሸክማ የጤና ጣቢያውን መንገድ ያዘች። በመስከረም ወደ ትምህርቷ ተመልሳለች።