ይህ ቤት የት ነው? የአሮጌ ፎቶግራፍ ቦታ እንዴት ይታወቃል?

ልጆች፣ ዛሬ የመርማሪ ሥራ እንሠራለን። የሚያስፈልጋችሁ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ፣ አንድ ማጉያ መነጽርና ብዙ ትዕግሥት ነው።

በብዙዎቻችሁ ቤት ወላጆቻችሁ ወይም አያቶቻችሁ ከአገር ቤት ይዘዋቸው የመጡ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች አሉ። አንድ ሰው ሙሉ ልብስ ለብሶ ቆሟል፤ ከኋላው ትልቅ ሕንፃ ይታያል። «ይህ የት ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁ «አዲስ አበባ ይመስለኛል» ትባላላችሁ። ይመስለኛል! በእርግጠኝነት የሚያውቁት ሰዎች እያረጁ ነው። ሕንፃዎቹም ቢሆኑ ለዘላለም አይቆሙም። እ.ኤ.አ. በ2024 አዲስ አበባ ውስጥ ፒያሳ አካባቢ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ስለዚህ እናንተ ዛሬ ካልጠየቃችሁና ካልጻፋችሁ፣ ነገ ያ ፎቶ «አንድ ሰው፣ አንድ ቤት» ብቻ ሆኖ ይቀራል። ያሳዝናል አይደል?

በሉ እንጀምር።

1. መጀመሪያ ጀርባውን እዩ

ፎቶውን ገልብጡት። የፎቶ ቤት ማኅተም፣ የሰው ስም ወይም ዓመተ ምሕረት ሊኖር ይችላል። «ጥር 1957» የሚል አገኛችሁ እንበል። ቆይ! ይህ የየትኛው አቆጣጠር ነው? በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ወደ ፈረንጆቹ ስንለውጠው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 እንጨምራለን። ስለዚህ ጥር 1957 ዓ.ም. ማለት እ.ኤ.አ. 1965 ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ግን ፎቶውን መልሰን ማየት አለብን።

2. ጽሑፍና መኪና ፈልጉ

በማጉያ መነጽር ሰሌዳዎችን ሁሉ አንብቡ። ፊደሎቹ በመስታወት ውስጥ እንደሚታዩ ተገልብጠው ከሆነ ፎቶው ሲታተም ፊልሙ ዞሮ ነበር ማለት ነው፤ ግራው ቀኝ፣ ቀኙም ግራ ሆኗል። ፊደሎቹ ደህና ከሆኑ ወደ መኪናዎቹ ሂዱ። በየት በኩል ይሄዳሉ? ኢትዮጵያ ውስጥ እስከ እ.ኤ.አ. 1964 ድረስ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነበር። በዚያ ዓመት ወደ ቀኝ ተቀየረ።

እንግዲህ የእኛ ፎቶ ላይ መኪናዎቹ በቀኝ በኩል ይሄዳሉ እንበል። በፈረንጆቹ 1957 ቢሆን ኖሮ በግራ በሄዱ ነበር። ስለዚህ ከጀርባው ያለው «1957» የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። አያችሁ? ጀርባውና ፊቱ ተረዳድተው መልስ ሰጡን!

3. አንበሳው እንዳያታልላችሁ

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ። ፎቶው ላይ የአንበሳ ሐውልት አለ እንበል። «አዲስ አበባ ለገሃር ነው!» ብላችሁ አትቸኩሉ። ለገሃር የሚለው ስም የመጣው ባቡር ጣቢያ ማለት ከሆነው «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። የጣቢያው ሕንፃ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1929 ሲሆን፣ ፊት ለፊቱ ያለው የነሐስ የይሁዳ አንበሳ ደግሞ በ1930 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ቆመ።

ግን ይህ አንበሳ በሁለት ከተማ ኖሯል! ፋሽስት ጣልያን አገራችንን ከወረረ በኋላ ነቅሎ ሮም ወሰደው። ብዙ ዓመት እዚያ ቆይቶ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ቦታው ተመለሰ። ስለዚህ አንበሳው ያለበት ፎቶ አዲስ አበባም ሮምም ሊሆን ይችላል። ሌላም አለ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ሌላ የአንበሳ ሐውልት አለ፤ እሱ ግን የድንጋይ ነው።

ተገላቢጦሹንም አስቡ። ጣቢያው ታይቶ አንበሳው ባይኖርስ? «ለገሃር አይደለም» አይባልም። ምናልባት አንበሳው ሮም በነበረበት ጊዜ የተነሣ ፎቶ ነው። የጎደለ ነገርም ማስረጃ ይሆናል!

4. ተራራና ጥላ

እንጦጦ ተራራ ያለው ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ነው። የለገሃር ጣቢያ ፊቱን ያዞረው ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤት ወደሚወጣው ቸርችል ጎዳና፣ ማለትም ወደ ሰሜን ነው። ስለዚህ የጣቢያውን ፊት የሚያነሣ ሰው እንጦጦን በጀርባው አድርጎ ነው የሚቆመው። ከሕንፃው በስተኋላ እንጦጦ ከታየ ያ ሕንፃ የጣቢያው ፊት አይደለም።

ጥላ ደግሞ ሌላ ምስክር ነው። ለንደን ወይም ዋሽንግተን ለምትኖሩ ልጆች በቀትር ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ናት። አዲስ አበባ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ በቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ትሆናለች። በጥር ግን በደቡብ ናት። ስለዚህ በጥር ወር ወደ ሰሜን የሚያይ ግድግዳ ብዙውን ቀን ጥላ ውስጥ ነው። የእኛ ፎቶ ላይ ግድግዳው በቀትር ፀሐይ ቦግ ብሎ ከታየ፣ ወይ ወሩ ወይ ቦታው ተሳስቷል ማለት ነው።

5. አስተያዩ

አሁን የዛሬ ፎቶ ፈልጋችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ቀለም ይቀየራል፤ ጣሪያም ይቀየራል። የመስኮቶች ብዛት፣ የበሮች ቦታና የቅስቶች ቅርጽ ግን ቶሎ አይቀየሩም። ቁጠሯቸው። አንድ ነገር ስለተመሳሰለ ብቻ አትመኑ፤ ቢያንስ ሦስት ነገር ይመሳሰል።

6. ትልልቅ ሰዎችን ጠይቁ

እዚህ ላይ ዘዴ አለው። «አያቴ፣ ይህ ለገሃር ነው አይደል?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ እናንተን ደስ ለማሰኘት ብቻ «አዎ ልጄ» ሊሉ ይችላሉ። ይልቅ «አያቴ፣ እዚህ ፎቶ ላይ ምን ምን ይታይዎታል?» በሉ። ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ከሕንፃው ስም በፊት የሻይ ቤቱ፣ የጫማ ሰፊው፣ የአውቶቡሱ ወሬ ይመጣል። አታቋርጡ። ቦታውን የሚያሳውቃችሁ ብዙ ጊዜ ያ ወሬ ነው።

መጨረሻ ላይ ያገኛችሁትን ከጀርባው በእርሳስ በቀስታ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ፎቶውን ያበላሻል። ቦታውን፣ ዓመቱን ከነአቆጣጠሩ፣ የነገራችሁን ሰው ስምና የጻፋችሁበትን ቀን አትርሱ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ምናልባት» የምትለዋን ቃል ጨምሩ። ጎበዝ መርማሪ የሚያውቀውንና የሚገምተውን ለይቶ ይጽፋል።

የሳምንቱ የቤት ሥራ

ከቤታችሁ አንድ አሮጌ ፎቶ ምረጡ። ዋናውን እቤት ትታችሁ ቅጂውን ለቅዳሜ ይዛችሁ ኑ። ቦታውን የሚያሳዩ ሦስት ማስረጃዎችን በአማርኛ ጻፉ።

የቃላት ትርጉም

ማስረጃ፦ አንድ ነገር እውነት መሆኑን የሚያሳይ ነገር
ሐውልት፦ ለመታሰቢያ የሚቆም ምስል ወይም ድንጋይ
ቀትር፦ እኩለ ቀን፣ ስድስት ሰዓት
ሽቅብ፦ ወደ ላይ፣ ወደ ዳገት

መልካም ምርመራ ልጆች!