በር የሌለው ፋብሪካ

አምቦ ላይ ስለ መርከበኞች ማኅበር ወሬ ቢነሣ «ባሕሩ የት አለና?» የሚል አይጠፋም። ይሁንና ምዕራብ ሸዋና መርከብ ጨርሶ አይተዋወቁም ማለት አይቻልም። በባኮ በኩል የሚወርደው ጊቤ ስሙን ለአንዲት የኢትዮጵያ መርከብ አውሶ ነበር። ዛሬም ከአምቦ ዩኒቨርሲቲ በመካኒካል ምሕንድስና የተመረቀ ልጅ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ካለው የባሕረኞች ማሠልጠኛ ቢገባ የመርከብ መሐንዲስ ሊሆን ይችላል።

የሙገር ሲሚንቶ ሠራተኛ ከአሠሪው ጋር ቢጣላ መንገዱ የታወቀ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሥር ሠራተኛ ባለበት ሁሉ ማኅበር ይቋቋማል፤ ማኅበሩም የኅብረት ስምምነት ይደራደራል። አልስማማ ካሉ አስማሚ ይገባል። ነገሩ አድማ ላይ ከደረሰ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጥና ሠራተኛው ከፋብሪካው በር ወጥቶ ቤቱ ይገባል።

መርከበኛው ግን ወጥቶ ወዴት ይሄዳል? መኝታው እዚያው ነው፤ እራቱንም የሚያቀርበው የተጣላው አሠሪ ነው። መሐል ባሕር ላይ የካፒቴንን ትእዛዝ አልቀበልም ማለት ደግሞ በብዙ አገር ሕግ ያስከስሳል። ስለዚህ ጉልበት የሚያገኘው መርከቡ ወደብ ሲይዝ ብቻ ነው። የቆመ መርከብ ገቢ የለውም፤ ወጪው ግን በየቀኑ ይቆጥራል።

ሌላው ጣጣ አሠሪው ማን እንደሆነ ማወቅ ነው። ባለቤቱ ግሪካዊ፣ ባንዲራው የፓናማ፣ ቀጣሪው ወኪል ሌላ አገር ያለ፣ ሠራተኛው ከአምስት አገር የተሰበሰበ ሊሆን ይችላል። ታዲያ በማን ሕግ ይከሰሳል? በ1896 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የትራንስፖርት ሠራተኞች ፌዴሬሽን ከ1948 ጀምሮ እንዲህ ያለውን የተውሶ ባንዲራ ሲታገል ኖሯል። ተቆጣጣሪዎቹ ወደብ ላይ መርከብ ይወጣሉ፤ ውሉን፣ የደመወዝ መዝገቡንና የእረፍት ሰዓቱን ይመረምራሉ። አንዱ ለምርመራ፣ ሌላው ለእውነተኛው ክፍያ የተያዘ ሁለት መዝገብ የሚገኝበት ጊዜ አለ። የወጥ ቤቱን ማቀዝቀዣ መክፈትም አይረሱም፤ እኔ ብሆን ከእሱ ነበር የምጀምረው።

ትልቁ ሕግ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያ በ2019 አጽድቃዋለች። ባሕረኛው በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት ማረፍ አለበት። ደመወዙ ሁለት ወር ከተቋረጠ ባለቤቱ እንደጣለው ይቆጠራል፤ እስከ አራት ወር የሚደርስ ውዝፍ ደመወዙና ወደ አገሩ መመለሻው አስቀድሞ በተያዘ ዋስትና ይሸፈናል። ለሥራ አገናኝ የቅጥር ኮሚሽን እንዲከፍልም አይገደድም። የአረብ አገር ጉዞን የደላላ ሒሳብ ለሚያውቅ ወገን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሕጉ መኖሩ ግን ብቻውን አይበቃም። መጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ፒ ኤንድ ኦ የተባለው የእንግሊዝ የጀልባ ኩባንያ 800 የሚጠጉ መርከበኞቹን ባንድ ቀን አሰናበተ፤ መርዶውን ያረዳቸው በቪዲዮ መልእክት ነበር። አለቃው በኋላ ፓርላማ ቀርቦ ማኅበራቱን ማማከር ግዴታ እንደነበረና አውቀው እንደተዉት አመነ። የዚያን ዕለት ሃል ወደብ ላይ የአንዷ መርከብ ካፒቴን መወጣጫውን ወደ ላይ አስነሣ፤ ሠራተኞቹም እስከ ማታ ከመርከቡ አንወርድም ብለው ቆዩ።