የአሮጌ ራዲዮ ጥገና

በአያቶቻችሁ ቤት ከአውሮፓ የመጣ፣ ሣጥኑ እንጨት የሆነ አሮጌ ራዲዮ ብታገኙ ፈጥናችሁ ሶኬት ላይ አትሰኩት። ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በ1947 ተፈልስፎ እስኪስፋፋ ድረስ ድምፅን ያጎሉ የነበሩት የመስተዋት አምፖሎች ናቸው፤ የሚሠሩትም ብዙውን ጊዜ ከ200 ቮልት በላይ በሆነ ኃይል ነው። አምፖሎቹ ረጅም ዘመን ይቆያሉ። ፈጥነው የሚያረጁት ኮንደንሰሮቹ ናቸው፤ ከወረቀትና ከሰም የተሠሩት እርጥበት ይስባሉ፤ ፈሳሽ ያለባቸው ደግሞ ይደርቃሉ። በዚህ ሁኔታ የተከፈተ ራዲዮ ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ «አንዳች ነገር አይነካበት» ማለት ራዲዮውን ድዳ አድርጎ ማስቀረት ነው።

ሁሉን ማደስም የራሱ ጥፋት አለው። በብዙዎቹ ላይ፣ ጣቢያ በሚፈለግበት መስተዋት፣ ሒልቨርሰም፣ ሉክሰምበርግ የሚሉ ስሞች ተጽፈዋል። ጽሕፈቱ በአልኮል ቢወለወል ይለቃል፤ የመጀመሪያው ጽሕፈት ከለቀቀ ደግሞ አይመለስም። የተፋቀ ቫርኒሽም እንዲሁ ነው።

አንዳንድ ጠንቃቃ ጠጋኞች የአሮጌውን ኮንደንሰር ቀፎ ባዶ አድርገው አዲሱን በውስጡ ይሸሽጉታል። ይህ ግን ለእኔ ከልክ ያለፈ ድካም ይመስለኛል። የወጣውን ዕቃ በፖስታ ከትቶ፣ የተለወጠበትን ቀን ጽፎ፣ በሣጥኑ ውስጥ ማኖር ይበቃል፤ ወደፊት የሚከፍተው ሰው የፋብሪካውን ሥራ ከጠጋኙ ለይቶ ያውቃልና።