«ማስቀደስ»፦ ክርስቲያን ስለ ምን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል?



የዛሬው ንግግሬ ቀላል ከሚመስል ጥያቄ ይነሣል። አንድ ክርስቲያን በቤቱ መጸለይ፣ ቅዱሳት መጻሕፍትን ማንበብ፣ ስብከትም በስልኩ ማዳመጥ ከቻለ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስለ ምን ያስፈልገዋል? ይህን ጥያቄ የሰነፍ ማመካኛ ብቻ አድርጎ ማለፍ አይገባም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጌታ በእልፍኝ፣ በተዘጋ በር ውስጥ ስለሚጸለይ ጸሎት አስተምሯል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ለሳምራዊቷ ሴት የተነገረው ቃልም እውነተኛ አምልኮ በአንድ ተራራ ወይም በአንድ ከተማ እንደማይወሰን ያስረዳል።

አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ በሂያጁ ጥቅም ላይ ያተኮረ ነው፤ ይባረካል፣ ይጽናናል፣ ይማራል ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ ግን አይበቃም። መጽናናቱንና ትምህርቱን በሌላ መንገድ ማግኘት የሚችል ሰው፣ መቅረት እንደሚችል ወዲያው ይደመድማልና። እኔ ዛሬ ማስረዳት የምፈልገው ሌላውን ወገን ነው፤ ሰውየው ጉባኤውን እንደሚፈልግ ሁሉ ጉባኤውም ሰውየውን ይፈልገዋል። ሲቀር የሚጎድለው እርሱ ብቻ አይደለም።

ለዚህ የመጀመሪያው ምስክር ቋንቋችን ነው። አማርኛ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድን የሚገልጸው በተራ የመሄድ ግስ ብቻ አይደለም። «ተሳለመ» እንላለን፤ ቃሉ ከሰላም የወጣ ነው፤ ሰላምታም ሰጪና ተቀባይ ይሻል። «ደጅ ጠና» እንላለን፤ ደጅ የሚጠናው በአካል ተገኝቶ ነው፤ መልእክት ልኮ ደጅ የጠና ባለጉዳይ የለም። ከሁሉ ይልቅ ግን «አስቀደሰ» የሚለውን ቃል ልብ እንበል። ካህኑ ቀደሰ ይባላል፤ ሕዝቡ ግን አስቀደሰ ይባላል። በሰዋስው ይህ የአስደራጊነት መልክ ነው፤ ጻፈ፣ አስጻፈ እንደምንለው ማለት ነው። መጽሐፍ ያስጻፈ ሰው ብርዕ ባይጨብጥም የመጽሐፉ መገኘት ምክንያት ነው። እንዲሁም ያስቀደሰ ሰው በመቅደስ ባይቆምም፣ ቋንቋው ከተመልካች ሳይሆን ከባለ ድርሻ ይቆጥረዋል።

የቅዳሴው ሥርዓትም ይህንኑ ያጸናል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አንድ ካህን ብቻውን ቅዳሴ አይቀድስም። በተለመደው ሥርዓት ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት፣ በድምሩ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ። በመጽሐፈ ቅዳሴ ላይ የየወገኑ ድርሻ በአጭሩ ተመልክቷል፦ ይ.ካ.፣ ይ.ዲ.፣ ይ.ሕ.፤ ይበል ካህን፣ ይበል ዲያቆን፣ ይበል ሕዝብ ማለት ነው። ሦስተኛው ድርሻ ለሕዝቡ የተሰጠ ነው። ካህኑ ሰላምን ሲያውጅ የሚመልስለት ይኸው ሕዝብ ነው። ዲያቆኑ እርስ በርስ ሰላም እንድንባባል ሲያዝዝም፣ ትእዛዙ አጠገባችን የቆመ ሰው መኖሩን አስቀድሞ ያስባል። ከጎረቤቱ ጋር የተጣላ ሰው ያን ሰዓት በቤቱ ቢያሳልፈው የሚፈትነው የለም፤ በጉባኤው ቢቆም ግን ያ የተጣላው ሰው ከፊቱ ሊቆም ይችላል።

ከታሪክም ምስክር አለን። የዕብራውያን መልእክት በምዕራፍ 10 እንደሚያመለክተው፣ መሰብሰብን ልማድ አድርጎ መተው በሐዋርያት ዘመን ሰዎችም ዘንድ የታየ ችግር ነበር። በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሶርያ እንደተጻፈ የሚታመነው ዲድስቅልያ ደግሞ፣ ኤጲስ ቆጶሱ ሕዝቡ ሳያቋርጥ እንዲሰበሰብ እንዲያስተምር ያዝዛል። የሚሰጠው ምክንያት ግሩም ነው፤ የቀረ ሰው የክርስቶስን አካል አንድ ብልት ያጎድልበታል። መጽሐፉ በቅድሚያ የሚያስበው ቀሪው ስለሚያጣው በረከት ሳይሆን በአካሉ ላይ ስለሚደርሰው ጉድለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ303 ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ የክርስቲያኖች ጉባኤ እንዲቀርና መጻሕፍታቸው እንዲቃጠሉ አዘዘ። በሰሜን አፍሪካ በምትገኘው አቢቲና ከተማ ኤጲስ ቆጶሱ መጻሕፍቱን አሳልፎ ሰጠ። ሕዝቡ ግን መሰብሰቡን አልተወም። በ304 አርባ ዘጠኝ ሰዎች በአንድ ቤት ለእሑድ ጸሎት ተሰብስበው ሳሉ ተይዘው ወደ ቅርጣግና ተወሰዱ። ስለ ምን ትእዛዙን እንደተላለፉ ሲጠየቁ፣ ያለ ጌታ ማዕድ መኖር እንደማይቻላቸው መለሱ። እያንዳንዳቸው በየእልፍኛቸው በስውር ቢጸልዩ ኖሮ ምናልባት ማንም ባላወቀባቸው ነበር። ሕይወታቸውን ለአደጋ ያጋለጠው አብረው መሆናቸው ነው።

በአገራችንም የሚመሳሰል ታሪክ አለ። በ1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘግቶ ንብረቷን ሲወርስና መሪዎቿን ሲያስር፣ አባላቱ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው መገናኘታቸውን ቀጠሉ። ደርግ ወድቆ ቤተ ክርስቲያኒቱ በይፋ ስትሰበሰብ የአባላቷ ቁጥር በብዙ እጥፍ አድጎ ተገኘ። ሕንፃው ቢወሰድ ጉባኤው ይኖራል፤ ጉባኤው ከተበተነ ግን ሕንፃው ብቻውን ቤተ ክርስቲያን አይባልም። ሊቃውንቶቻችንም ቤተ ክርስቲያን የሚለውን ስም ሲተረጉሙ ሕንፃው፣ የምእመናን ማኅበርና እያንዳንዱ ክርስቲያን የሚሉ ሦስት ፍችዎችን የሚሰጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

እዚህ ላይ፣ «ብቻቸውን በበረሃ የኖሩት መነኮሳትስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። በግብፅ የአስቄጥስ በረሃ የነበሩ አባቶች ሳምንቱን በየበኣታቸው ተለይተው ቢያሳልፉም፣ ቅዳሜና እሑድ ለጸሎትና ለቁርባን በአንድነት ይሰበሰቡ ነበር። ብቸኝነታቸውም ከጉባኤው ጋር የተያያዘ ነበር።

ሆኖም የቀረ ሁሉ እኩል አይደለም። መምጣት ያልቻለንና መምጣት የተወን መለየት ያስፈልጋል። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ የእሑድን ጉባኤ ሲገልጽ፣ ዲያቆናት ከቁርባኑ ላልመጡት እንደሚወስዱላቸው፣ ከሚሰበሰበው መባም ሙት ልጆች፣ መበለቶች፣ ሕሙማን፣ እስረኞችና እንግዶች እንደሚረዱ ጽፏል። ሊመጣ ላልቻለው ጉባኤው ራሱ ይሄድለት ነበር ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፣ ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን የትንሣኤ በዓል ብዙ ምእመናን በቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥን ተከታትለዋል። ዛሬም የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ በሌለባት በሳውዲ ዓረቢያ በሰው ቤት ለምታገለግል እኅታችን፣ በስልኳ የምትሰማው ቅዳሴ ትልቅ ጸጋ ነው። ደጃፉ አሥር ደቂቃ ለማያስኬደው ጤነኛ ሰው ግን ያው ስልክ ሌላ ነገር ይሆናል። እርሷን ከጉባኤው የሚያገናኛት መሣሪያ እርሱን ከጉባኤው ይለየዋል። እርሱ ያያል፣ ይሰማል፤ እርሱን ግን የሚያየው የለም። ቢታመም፣ ቢቸገር፣ ተስፋ ቢቆርጥ ቦታው ባዶ መሆኑን የሚያስተውል ሰው አይኖርም።

የሰንበቴ ማኅበርን ጥበብ ያየነው እንደሆነ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ከቅዳሴ በኋላ አባላቱ በተራቸው ጠላውንና ዳቦውን ያቀርባሉ፤ ነዳያንም ይካፈላሉ። በዚያ መካከል «እገሌ ዛሬ ስለ ምን ቀረ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ወሬ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን የታመመው የሚጠየቀው፣ ያዘነው የሚጽናናው በዚህ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ መሄድ ግዴታ ከሆነ ግዴታው የሁለት ወገን ነው። ሕዝቡ መምጣት ይገባዋል፤ ቤተ ክርስቲያንም የመጣውን ማወቅ፣ የቀረውን መፈለግ ይገባታል። ያው ዲድስቅልያ ድኻ ወይም ሽማግሌ መጥቶ መቀመጫ ቢያጣ፣ ኤጲስ ቆጶሱ እርሱ ራሱ መሬት ላይ ተቀምጦም ቢሆን ቦታ እንዲሰጠው ያዝዛል። ከቤተሰቡ ርቆ ወደዚህ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ተማሪ በየእሑዱ ገብቶ በየእሑዱ ማንም ስሙን ሳይጠይቀው ከወጣ፣ አንድ ቀን ሲቀር ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ሊሆን አይችልም። የእምነት ቤቶቻችን መቅረትን ከመውቀሳቸው በፊት፣ የሚቀረውን ሰው አስቀድመው ያውቁት እንደሆነ ራሳቸውን መጠየቅ አለባቸው።

ወደ መነሻ ጥያቄያችን ስንመለስ፣ የእልፍኙ ጸሎትና የጉባኤው ጸሎት ተፎካካሪዎች አይደሉም። ክርስቲያን በእልፍኙ በአምላኩ ፊት ብቻውን ይቆማል፤ በጉባኤው ደግሞ ለሌላው ሰው ይገኝለታል። በሚቀጥለው እሑድ የሚያስቀድስ ሰው «ምን አገኝ ይሆን?» ከማለቱ አስቀድሞ «እኔ ብቀር ማን ይጎድልበታል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ እግሩ ከደጃፉ ለመውጣት በቂ ምክንያት ያገኛል።